ወደ ባሕርነት የሚያመራው የአፋር ምድር



መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ምሽት፣ ከዒሻእ ሰላት በኋላ አዲስ አበባ ተነቃነቀች። በሰፈራችን በቄራም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ታቅፈው ደረጃውን እየሮጡ በመውረድ ሜዳ ላይ ቆሙ። መሬት ላይ በተሠሩ የጭቃ ቤቶች ውስጥ የነበሩት ደግሞ ጎረቤት ለምን እንደሚጮህ እንኳ አላወቁም ነበር። ከዚያ ወዲህ መንቀጥቀጡ ተደጋገመ። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ በየቀኑ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን ከሱብሒ በፊት የደረሰው እስከዚያ ከደረሱት ሁሉ የበረታ ነበርና ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ።

በዚያ ሰሞን በየመስጊዱ ደጃፍና በየሻይ ቤቱ ሲነገር የሰማነው አንድ አነጋገር ግን አላስደሰተንም። «አላህ በነዚያ ሰዎች ተቆጥቶ ነው» ይባል ነበር፤ «እነዚያ» የተባሉት ደግሞ እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣሉ። የምድር መንቀጥቀጥ የአላህ (ሱ.ወ.) ታላቅ ምልክት መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም፤ በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራ ሱራ እንዳለው ሕፃናቶቻችንም ያውቃሉ። ይሁን እንጂ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጨልም ሰዎች «ለእሱ ሞት ነው» ባሉ ጊዜ፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ የነገሯቸው ራሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ልጃቸውን በቀበሩበት ቀን እንኳ የሕዝቡን የተሳሳተ ግምት ዝም ብለው አላለፉትም። እንግዲህ እኛ የአፋርን ወይም የሌላውን ሕዝብ ስም አንስተን «በእነሱ ምክንያት ነው» ለማለት ድፍረቱን ከየት እናመጣለን? ምልክት ሲታይ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰደቃ ይሰጣል። ከዚያም ምልክቱ የታየበትን ምድር ማወቅ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች አካባቢ ነው። ፈንታሌ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ፣ አናቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሰመጠ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በመኪና ወደ ድሬዳዋ የሄደ ሁሉ ከመተሐራ ግራ በኩል አይቶታል። በዚያ ወቅት ቅልጥ አለት ከመሬት በታች በጎን እየሰነጠቀ ረጅም መንገድ ሄደ። በዶፈን በኩል እንፋሎትና ጭቃ ወደ ላይ ተወረወረ፣ የአስፋልት መንገድ ተሰነጠቀ፣ ቤቶች ፈረሱ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆነን አምፖል ሲወዛወዝ ለተመለከትነው ለእኛ ነገሩ የአንድ ደቂቃ ድንጋጤ ነበር። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል።

ምድሩ ለምን ይሰነጠቃል?

የትምህርት ቤት ካርታ ፊት ቆመን ሕፃናትን ስናስተምር ብዙ ጊዜ የሚገርማቸው ነገር አለ። የመንን በጣት ገፍቶ ወደ አፍሪካ ቢያስጠጉት ሁለቱ ዳርቻዎች ሊጋጠሙ ይደርሳሉ፤ የማይጋጠሙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያ ቦታ አፋር ነው። አፋር ከጥንቱ አፍሪካ ተቆርሶ የቀረ አሮጌ መሬት አይደለም። አብዛኛው ዐረቢያና አፍሪካ ሲለያዩ በመካከላቸው በተከፈተው ክፍተት ውስጥ ከታች እየፈላ የወጣ አዲስ ድንጋይ ነው።

የምድር ቅርፊት እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ በትላልቅ ቁራጮች የተከፈለ ነው። ከነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም የዐረቢያው፣ ዋናው የአፍሪካ ቁራጭና የሶማሌው፣ የሚገናኙት አፋር ላይ ሲሆን ሦስቱም እርስ በርስ ይራራቃሉ። የሚራራቁት በዓመት ቢበዛ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥፍራችን ከሚያድግበት ያነሰ ፍጥነት ማለት ነው። በዚህ ዝግታ፣ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ስደት ወጥተው ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነበር።

ከደናክል ሜዳ በስተምሥራቅ፣ በሜዳውና በቀይ ባሕር መካከል፣ አብዛኛው በኤርትራ የሚገኝ ረጅም ተራራማ መሬት አለ፤ የደናክል ተራሮች ይባላል። ይህ መሬት ዛሬ በሰሜኑ ጫፍ ላይ ብቻ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ በቡሪ፣ ባሕረ ገብ መሬት ይመስላል። በጥንት ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ሰብሮ ገብቶ ዛሬ ሰው ጨው የሚቆርጥበትን ሜዳ ሁሉ በሸፈነ ጊዜ፣ ተራሮቹ በግራም በቀኝም በውሃ ተከበው ወደ ባሕሩ የገቡ ረጅም የመሬት ምላስ ሆነው ነበር። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ውስጥ ያደጉ ዛጎሎች ከነቅርጻቸው በበረሃው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ባሕሩ መግቢያው ሲዘጋበት ተነነ፣ ጨዉ ቀረ። ይህ ደጋግሞ ስለሆነ የጨዉ ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወፍራል። ዳሎል ያለበት ሜዳ ዛሬም ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕሩን የከለከለው በሰሜን በኩል ያለው ዝቅተኛ መሬት ብቻ ነው። የምድር ሊቃውንት አንድ ቀን፣ ከእኛ በኋላ ስንትና ስንት ትውልድ አልፎ፣ ባሕሩ ተመልሶ ይገባል ይላሉ። ወላሁ አዕለም።

መራራቁ ሁልጊዜ በዝግታ አይሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደባሁ ተራራ አካባቢ ምድሩ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተከፈተ። በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ብለን ብናሰላ የአራት መቶ ዓመት ጉዞ መሆኑ ነው። ውጥረቱ ለዘመናት ይጠራቀማል፣ አላህ በፈቀደው ቀን ይለቀቃል።

ሦስት ተራሮች

ኤርታ አሌ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ከእንጦጦ ጋር ለሚያስተያየው ኮረብታ ነው። ግን አናቱ ላይ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የቅልጥ አለት ሐይቅ ሲንተከተክ ኖሯል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሐይቅ ለረጅም ጊዜ የያዙ ተራሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በጥር 2009 ዓ.ም. ጎኑ ተሰንጥቆ ቅልጡ በሜዳው ላይ ፈሰሰ፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ፈነዳ።

ከዚያ አራት ወር አለፍ ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23፣ 2025)፣ ማንም ያልጠበቀው ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ተነሣ። ይህ ተራራ በታሪክ ፈነዳ ተብሎ የተመዘገበበት ጊዜ አልነበረም። አመዱ ወደ ሰማይ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ላይ አለፈ፣ እስከ ሕንድ ደርሶ አውሮፕላኖችን ከበረራ አስቀረ። የዓለም ጋዜጦች የጻፉትም በአብዛኛው ስለ አውሮፕላኖቹ ነበር። በአፍዴራ በኩል ያሉ መንደሮች ግን በአመድ ተሸፈኑ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፣ አልሐምዱ ሊላህ፤ ነገር ግን ለአርብቶ አደር ሣር በአመድ መሸፈኑ ምን ማለት እንደሆነ የከተማ ሰው በቀላሉ አይገባውም። ፍየሏ አልሞተችም፣ የምትበላው ግን የላትም። ከፍየሏ ቀጥሎ ወተቱ ይቀራል፣ ከወተቱ ቀጥሎ የልጁ እራት።

በቀይ ባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። ከሒጃዝ እስከ የመን ባለው ምድር ላይ «ሐራ» የሚባሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳዎች ተዘርግተዋል። መዲናን ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚያዋስኗት ሁለቱ የድንጋይ ሜዳዎች ከነዚሁ ናቸው። በ654 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1256) ከመዲና ደቡብ ምሥራቅ እሳት ፈንድቶ ለሃምሳ ቀናት ያህል ሲፈስ የከተማዋ ሰዎች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ተሰብስበው በዱዓና በኢስቲግፋር አሳልፈዋል፤ የዘመኑ ሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎችም የመንቀጥቀጡን ቀን፣ የእሳቱን አቅጣጫና የፈሰሰበትን ርቀት ሳይቀር መዝግበውልናል። ብዙ ዑለማዎች ከሒጃዝ ስለሚወጣ እሳት በሐዲስ የተነገረው ይህ ነው ብለዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ፦ እነዚያ ሰዎች ዱዓውንም አልተዉም፣ መመዝገቡንም አልተዉም። ዛሬ ሳይንሱን ለአንድ ወገን፣ ዱዓውን ለሌላ ወገን የምናከፋፍለው ከየት ተምረን ነው?

ሙቀቱና ውሃው

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል በተደረገ ልኬት፣ ሌሊቱም ቀኑም፣ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአዲስ አበባ አማካይ ከዚህ ግማሽ ያንሳል። ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተመዘገበ ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሬቱ ዝቅተኛ ነው፣ በምዕራብ በኩል የወሎና የትግራይ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞ ደመናውን ያስቀርበታል። በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የወረደ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጋቢ ወደ ሽርጥ የሚሸጋገረው ለዚህ ነው።

የውጭ ተጓዦች ይህን አገር «ሲኦል» ብለው መጻፍ ይወዳሉ፤ የእኛም ሰዎች ቃሉን ተቀብለው ይደግሙታል። ጀሀነምን ያላየ ሰው እንዲህ ባይናገር ይሻላል። ደግሞም ይህ አገር ሰው የሚዳርበት፣ የሚወልድበት፣ ሰው በሞተ ጊዜ ጀናዛ የሚሸኝበት አገር ነው። በአውሳ ለዘመናት ሱልጣኔት የቆየበት፣ ቁርኣን የሚቀራበት ምድር ነው። አፋሮች ዓመቱን በዝናቡ ይከፍሉታል፤ ዋናው የክረምት ዝናብ ከርማ፣ የመጋቢትና የሚያዝያው ሱጉም፣ በታኅሣሥ ገደማ የምትጥለው ትንሿ ደግሞ ዳዳዓ ትባላለች። የአንዷ መቅረት መንጋውን ወደ የት እንደሚወስዱት ይወስናል። የት እንደዘነበ፣ የት እንደታመመ፣ የት እንደተሰነጠቀ የሚያውቁት ደግሞ በዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ፣ ያዩትንና የሰሙትን በቅደም ተከተል ይነጋገራሉ። ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ሰማሁ» ብሎ መለየት በዳጉ ግዴታ ነው፤ ውሸት የተናገረም ይታወሳል። ሐዲስ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን የውሃው ጥበብ ነው። በደባሁ አካባቢ ከመሬት ስንጥቅ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል፣ አፋሮች «ቦይና» ይሉታል። በስንጥቁ ላይ ድንጋይ ይከምራሉ፤ እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፣ ጠብታው ከታች ይጠራቀማል። ወንዝም ምንጭም በሌለበት ቦታ ሰውና ፍየል ከዚያ ይጠጣሉ። አንዱን ስንጥቅ አላህ ለአንዱ የቤት ማፍረሻ፣ ለሌላው የውሃ መቅጃ አድርጎታል፤ ሱብሓነላህ!

ከዳሎል በወጥ ቤታችን

እያንዳንዷ የቄራ እናት አፋርን በየቀኑ በእጇ ትዘግናለች፤ ጨው ስለሆነ። ከዳሎል ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ በግመል እየተጫነ ወደ መቀሌ ሲወጣ ኖሯል፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስም እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። የዛሬው የገበታ ጨዋችን ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው ጨው ስለተቋረጠ የአፍዴራው ሥራ ተስፋፋ። በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተደነገገ፤ ለእንቅርትና ለሕፃናት አእምሮ ዕድገት መድኃኒቱ እሱ ነውና። እናቶች ከገበያ ሲገዙ ከረጢቱን ይመልከቱ፤ አዮዲኑ ብርሃንና እርጥበት ስለሚያጠፋው ጨዉን በክዳን ዕቃ አኑረው ወጡ ከበሰለ በኋላ ቢጨምሩት ይመረጣል።

በቄራ መንገድ ከሰልና ጤፍ ተሸክሞ የሚውለው አህያም ዘሩ ከዚያው አካባቢ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት የቤት አህያ የተላመደው ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን፣ የአያቱ ዘር የሆነው የዱር አህያ ዛሬም በአፋርና በኤርትራ ደናክል ይገኛል። ባለ ነጭና ጥቁር መስመሩን የሜዳ አህያ ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ይኼኛው ግራጫ ሆኖ እግሮቹ ላይ ብቻ ጥቁር መስመር አለው። በኢትዮጵያም በኤርትራም ተደምሮ የቀረው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ለእሱ ጥበቃ ተብሎ በታሰበው በያንጉዲ ራሳ ፓርክ ከጠፋ ቆይቷል፤ የተረፈው በሰርዶ አካባቢና ከዚያ በስተሰሜን ነው። ሥጋውና ስቡ መድኃኒት ነው በሚል ይታደናል። በፊቅህ ያነበበ ሰው የቤት አህያ ሥጋ በኸይበር ጊዜ እንደተከለከለ፣ የዱሩ ግን እንደተፈቀደ ያስታውሳል፤ ከሶሐቦች አቡ ቀታዳ ያደኑትን ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ቀምሰዋል። እኛ ግን መብላት ተፈቀደ ማለት ዘሩን ከምድር ማጥፋት ተፈቀደ ማለት ነው ብለን አናምንም። መድኃኒትነቱም ቢሆን ለሳንባ በሽታ ጤና ጣቢያ ያለው መድኃኒት ይበልጣል።

የዱር አህያውንም፣ ሳላውንም፣ የአፋሩን ፍየልም ከግጦሽ እያስወጣ ያለ ሌላ ጠላት አለ። ከአርባ ዓመት በፊት ጥላ ይሆናል፣ አሸዋ ይይዛል ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ የተተከለ እሾሃም ዛፍ ነው። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው። ፍሬውን የበላ ከብት እበቱን ይዞ በሄደበት ሁሉ ስለሚዘራው፣ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ፍሬውን ያለ ልክ የበሉ ከብቶችም ጥርሳቸው ይበላሻል። ያመጡት ሰዎች ክፉ አሳብ አልነበራቸውም፤ የአገሩን ሰው ግን አልጠየቁም።

ወንዙ

የቀረው አዋሽ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ባሕር ግን አይደርስም። ያ የሚሰፋው የአፋር ስምጥ ይቀበለውና በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያስቀረዋል። በእኛ ከተማ የሚወርዱት ወንዞችም፣ በቄራ አጠገብ የሚያልፉትን ጨምሮ፣ ወደ አቃቂ ይገባሉ፣ አቃቂ ወደ አዋሽ። ስለዚህ ከየቤቱና ከየፋብሪካው ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ቆሻሻ «ሄደ» ሲባል የሄደበት ቦታ ስም አለው። ከፊሉ በአባ ሳሙኤልና በቆቃ ይጠራቀማል፣ የተረፈው ሸንኮራና ጥጥ ወደሚያጠጣው፣ ሴቶች በጀሪካን ወደሚቀዱት ወንዝ ይወርዳል። በወራጅ ውሃ ዳር ሆነን ውዱእ ስናደርግ እንኳ እንዳናባክን የተማርን ነን።

በአቤ ሐይቅ ዳር እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ ረጃጅም የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ ከአንዳንዶቹ ዛሬም እንፋሎት ይወጣል። እነዚህ ዓምዶች የተሠሩት በሐይቁ ወለል ላይ፣ በውሃ ውስጥ ነው። ወንዙ በየመስኖው እየተጠለፈ ሐይቁ ባለፉት ሰባ ዓመታት በጣም ስለሸሸ ዛሬ ብዙዎቹ በደረቅ መሬት ላይ ቆመዋል፣ የአፋር ፍየሎችም በመካከላቸው ይሰማራሉ።